እናንተ ጋ ዘነበ?

ሐምሌ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መገናኛ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር፤ አሁን በእንጦጦ በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል። ቀድሞ የሚደርሰው ግን ዝናቡ ሳይሆን ነፋሱ ነው። አቧራና ፌስታል እያንከባለለ ይመጣና እግር ሥር ይቀዘቅዛል። ካልሲና ቻርጀር ዘርግተው የሚሸጡት ልጆች ሰማዩን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም፤ ነፋሱ ሲነካቸው ላስቲኩን ይስባሉ። ጃንጥላ ሻጮች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ብቅ ይላሉ፤ ጠዋት የጠሩት ዋጋ አሁን አይሠራም። የታክሲ ረዳቱም ጠባይ ይለወጣል፤ ቅድም ሰው ሲለምን የነበረው አሁን ሰው ይመርጣል።

ከዚያ ዶፉ ይወርዳል። የሱቅ በረንዳ ሥር የተጠለለው ሁሉ ስልኩን ያወጣል፤ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ጥያቄም አንድ ነው፦ «እናንተ ጋ ዘነበ?» ሜክሲኮ ያለው ሰው «ኧረ ፀሐይ ነው!» ይላል። ለቡ ያለው ደግሞ ገና መዳመኑ ነው። በዚህ የተነሳ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ተቀያይሟል። «ዝናብ ይዞኝ ነው» ያለ ሰው፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ቆሞ ሲጠብቀው በነበረ ሰው ዘንድ እንደ ውሸታም ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ላረፈደው ሰው ይወግናል።

ጥያቄው ከተማዋንም ተሻግሯል። ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ውጪው ከ40 ዲግሪ በላይ በሚነድበት ሐምሌ ወደ ቤት ስትደውል ከጤና ቀጥሎ የምትጠይቀው ዝናቡን ነው፤ ስልኩን ወደ መስኮት አስጠግተው ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚያሰሟትም አሉ። ከዋሽንግተን ለዕረፍት የሚመጣው ዘመድ ነገር ሌላ ነው። ሻንጣውን ቁምጣና ቲሸርት ሞልቶት ይመጣና፣ በማግሥቱ የአጎቱን ጃኬት ለብሶ ይታያል።

ሰፈር የሚመርጥ ደመና

የክረምቱ እርጥበት አመጣጥ ሰፊ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር፣ ምድርን በወገቧ ዙሪያ የሚከባት የዝናብ ቀበቶ ተከትሏት ይሻገራል። እርጥብ አየር ከአትላንቲክ ተነስቶ በኮንጎ ተፋሰስ በኩል፣ ከህንድ ውቅያኖስም እንዲሁ እየነፈሰ መጥቶ ከደጋችን ጋር ይጋጫል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አብዛኛው የአገሪቱ ደጋ በዚህ እርጥበት ውስጥ ተነክሮ ይከርማል። እዚህ ድረስ ጉዳዩ የአህጉር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን የሰፈር ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የአውቶቡስ መንገድ፣ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ማለት ነው። ጠዋት ሰማዩ ብራ ሲሆን ፀሐይ ምድሩን ታሞቃለች፤ የሞቀው አየር ዳገቱን ይዞ ይወጣል። እየወጣ ሲሄድ በየመቶ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ የያዘው እንፋሎት ወደ ጠብታነት ይለወጣል። እኩለ ቀን ላይ እንጦጦ አናት ላይ ተነባብሮ የምናየው ነጭ ክምር ይህ ነው። ከሰዓት ይጠቁራል፤ ከዚያ መሸከም ያቅተዋል።

ክምሩ ግዙፍ ቢመስልም ሥሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ቀበና ላይ ተንዶ ሲያልቅ ላፍቶ ላይ የተሰጣ ልብስ ይደርቃል። መገናኛ ላይ ቀድሞ የመጣው ነፋስም የዚሁ ክምር ሥራ ነው። የሚወርደው ዝናብ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር አብሮ ይጎትተዋል፤ አየሩ መሬት ሲደርስ መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎን ይፈሳል። በመንገዱ ያገኘውን ሞቃት አየር ሽቅብ ገፍቶ ሌላ ደመና የሚወልድበት ጊዜም አለ። ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ጎሮ ዝናቡ «ሄደ» የምንለው፣ አሮጌው እየሞተ አዲስ እየተተካ ሊሆን ይችላል።

> እርጥበቱ የአህጉር ነው፤ ዝናቡ የሰፈር።

ይህን ሁሉ ሳይንስ ሳይማሩ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የሕንፃ ሥራ ፎርማኖች በክረምት የኮንክሪት ሙሌት ጠዋት እንዲያልቅ የሚጣደፉት ስለዚህ ነው። ልብስ አጥበው የሚያድሩ እናቶች ገመዱን የሚሰበስቡት ደመናው ሲከማች ሳይሆን ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ነው። ሊስትሮዎች ደግሞ ከሁሉ የተለየ ሒሳብ አላቸው፤ ዝናብ ሲጥል ሥራ ያቆማሉ፣ ሲያባራ ግን የከተማው ጫማ በሙሉ የእነሱ ነው።

ክምሩ ጠባብ በመሆኑ የሚፈጠር ሌላም ነገር አለ፤ እየዘነበ ፀሐይ መውጣቷ። ልጆች «ጅብ ወለደች!» ብለው የሚጮኹበት ሰዓት ነው። ጃፓኖች ለዚሁ ነገር የቀበሮ ሠርግ ነው ይላሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሠርገኛው ጦጣ ነው። የእኛ ግን ሠርጉን አልፎ ወሊድ ላይ ደርሷል። በዚያች ሰዓት የማርያም መቀነትን ማየት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ማወቅ አያስቸግረውም። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይን ከኋላ አድርጎ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ ከሰዓት ስለሚበዛ ፀሐይዋ በምዕራብ ናት፤ እናም ብዙ ጊዜ መቀነቱ የሚዘረጋው በምሥራቅ፣ በየካ በኩል ነው።

ሌላ ቦታ የዘነበ ውኃ

እንጦጦ ደመና መሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን ውኃ መለያያም ነው። ከተራራው በስተደቡብ የወረደው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በባንተይቀጡ አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ አገሩን ትቶ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከጫፉ በስተሰሜን የወረደው ደግሞ በሱሉልታ በኩል ሙገርን ይቀላቀላል፤ ሙገር ዓባይን፣ ዓባይ ነጭ ዓባይን፣ ከዚያ ሜዲትራኒያን። እንጦጦ አናት ላይ ጎን ለጎን ያረፉ ሁለት ጠብታዎች አንዱ አፋር ጨው ላይ ይተናል፤ ሌላው ካይሮን አቋርጦ ያልፋል።

ካይሮ ከተነሳ አይቀር፣ የክረምታችን ረጅሙ መዝገብ ያለው እዚያ ነው። የዓባይን የዓመት ሙላት በአብዛኛው የሚሠራው የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ነው፤ ግብፆች ደግሞ ሙላቱን ከ7ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ካይሮ ባለችው የሮዳ ደሴት አካባቢ እየለኩ ሲጽፉ ኖረዋል። ዘንድሮ ውኃው ዝቅ ብሏል ብሎ የጻፈ ጸሐፊ፣ ሳያውቀው የጎጃምንና የወሎን ሰማይ ሲመዘግብ ነበር።

ከዝናቡ በፊት ውኃው የሚደርስባቸው ሰዎች ግን ሌላ ቦታ የዘነበን ውኃ በቀልድ አይወስዱትም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው የሚሻገርበት፣ ገበያ የሚዘረጋበት። ጎርፉን ያመጣው ከተማዋ ላይ የጣለው ብቻ ሳይሆን ከበላይዋ ባለው ደጋ ላይ የወረደው ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም በወንዝ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች የራሳቸውን ሰማይ አያምኑም። የሚያዩት እንጦጦን፣ የሚሰሙት የወንዙን ድምፅ ነው፤ ውኃው ድንጋይ ማንከባለል ሲጀምር ልጆቻቸውን ያነሳሉ።

በረዶ ለምን በዛብን

ሙቅ ናት በምትባል አፍሪካ፣ ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ፣ ጓሮው ነጭ እስኪሆን በረዶ መዝነቡ የውጭ ሰው ይደንቀዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እኛ ለሰማዩ ቅርብ ነን። በዚህ የምድር ክፍል አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርደው ከባሕር ጠለል በላይ 5,000 ሜትር አቅራቢያ ሲደርስ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚወርድ የበረዶ ጠጠር መሬት እስኪደርስ ያን ሁሉ ርቀት በሙቅ አየር ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ቀልጦ ያልቃል። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ጠጠሩ ሊቀልጥበት የነበረው መንገድ በግማሽ አጥሮለታል።

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው የሚቀጥለውን መንገር አያሻውም። መምህሩ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፁ የለም። ሬዲዮው ይዘጋል። ትልልቆች መብረቅ ፈርተው ሶኬት ይነቅላሉ፣ ልጆች ግን በሩን ከፍተው ጠጠሩን ለቅመው ይበላሉ። ገበሬው ዘንድ ይህ ደስታ የለም፤ እሸት የያዘ ማሳ በሩብ ሰዓት በረዶ እንዳልነበረ ሲሆን ያየ ሰው ነጭ ጓሮ አያምረውም።

ያው ከፍታ ኩሽና ውስጥም ገብቷል። አየሩ ስለሳሳ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው እንጂ መቶ አይደርስም። ባቄላውና ድንቹ አልበስል ሲል የከሰሉ ጥፋት አይደለም።

«መደበኛና ወደ መደበኛ የተጠጋ»

የአየር ትንበያ በቴሌቪዥን የሚያይ ሁሉ ይህን ሐረግ በቃሉ ይዞታል፤ የከተማው ቀልደኞችም ለደመወዝ፣ ለትዳር፣ ለመብራት መጥፋት ሳይቀር ይጠቀሙበታል። ሐረጉ ግን የሚሾፍበትን ያህል ባዶ አይደለም። ትንበያ ሰጪዎቹ የአንድን አካባቢ የሠላሳ ዓመት ያህል መዝገብ ይይዙና መጪውን ወቅት ከዚያ ጋር ያነጻጽራሉ፤ ከለመድነው ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ ይቀራረባል? «መደበኛ» ማለት ደህና ዝናብ ማለት አይደለም። የአፋር መደበኛ ለዝናባማዋ ጎሬ ድርቅ ነው። የጎሬ መደበኛ አፋር ላይ ቢወርድ ጎርፍ ነው።

የወቅት ትንበያ የሚቆመው ከሩቅ በሚመጣ ምልክት ላይ ነው፤ ከምልክቶቹ ስሙ የገነነው ኤልኒኖ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የዓለም የንፋስ ሥርዓት ይዛባል፤ የእኛ ክረምትም ብዙ ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው። ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ አካባቢዎች ደመናው ሸሸ፤ በማግሥቱ ዓመት ሚሊዮኖች እርዳታ ጠበቁ። ለገበሬው ይህን ቀድሞ መስማት የዘር ምርጫ ጉዳይ ነው፤ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ ይዝራ ወይስ ቶሎ የሚደርሰውን?

የከተማው ሰው ግን ይህን አይፈልግም። እሱ የሚፈልገው ዛሬ ከሰዓት ቦሌ ይዘንባል ወይ የሚለውን ነው፤ ስልኩ ደግሞ ሐምሌን ሙሉ በየቀኑ ያንኑ ደመናና ያንኑ ጠብታ ሥዕል ያሳየዋል። ከታዋቂዎቹ ዓለም አቀፍ የትንበያ ስሌቶች አንዳንዶቹ ምድርን የሚከፋፍሉት ጎናቸው ከ9 እስከ 13 ኪሎ ሜትር በሆነ ሣጥን ነው። ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ ያለው ሕዝብ በሙሉ አንዲት ሣጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ደመናው ከሣጥኑ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ቢምል ቢገዘት የትኛው አደባባይ እንደሚረጥብ አያውቅም። እኔ በበኩሌ ሐምሌ ላይ ከስልኩ ይልቅ ዕቃውን በላስቲክ የሚሸፍነውን የካልሲ ነጋዴ አምናለሁ፤ የእሱ ትንበያ የሚያገለግለው ለሃያ ደቂቃ ነው፣ ግን በዚያች ሃያ ደቂቃ አይሳሳትም።

ሰማዩን በበዓል መቁጠር

ባሕረ ሐሳቡ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርገዋል። የዝናብ መለኪያ ይዘው የሚቆሙት ባለሙያዎችም ለክረምት የሚሰጡት ጊዜ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕዝቡ ግን ከዚህ የረቀቀ ቆጠራ አለው፤ ቀኑን በቅዱሳን ይዞ ሰማዩን ያስታውሳል።

አንዳንዱ ቆጠራ ሲፈተሽ ይንገዳገዳል። ከቡሄ ወዲያ ክረምት የለም ይባላል፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ነሐሴ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከሐምሌ ጋር ዝናብ የሚፎካከር ወር ነው። ጅራፍ የሚያጮኹት ልጆች ራሳቸው በካፊያ ረጥበው ነው የሚገቡት። አባባሉን ያወጣው ሰው የሰለቸው እረኛ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። የጳጉሜን 3 ሩፋኤል ግን ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። በዚያ ቀን የሚወርደው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጆች ራቁታቸውን ይወጣሉ፣ እናቶች ባልዲ ይደቅናሉ፣ ጠብታውን ሊጥ ላይ የሚያኖሩም አሉ። የክረምቱ እርጥበት ጥቅልል ብሎ ባልወጣበት ጊዜ ስለሚውል ሰማዩ እምነቱን የሚያግዝበት ዓመት ይበዛል።

> ቡሄ የሰው ናፍቆት ነው፤ ሩፋኤል ግን ሰማዩም ይተባበረዋል።

ከሁሉ ይልቅ የአየር ጠባይን ግልጥ አድርጎ የሚያሳየው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባን ከፈጀው የወረርሽኝ በሽታ ጋር ተያይዞ፣ በየደጁ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ኅዳር ሲታጠን። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች ጭሱን አይወዱትም፤ ምክንያቱን ጠዋት ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ያየ ሰው ይረዳዋል። ጭሱ ሽቅብ አይሄድም። የጣሪያ ከፍታ ያህል ወጥቶ ይቆምና ወደ ጎን ይነጠፋል። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊት ምድር ሙቀቷን ያለ ከልካይ ትለቃለች፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይቀራል። የምጣዱ አክንባሎ ተደፋ ማለት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ጭሱም፣ ጉሙም፣ የመኪናውም ጢስ እዚያው ነው።

ጥላ ወደ ደቡብ

ብርዱ የክረምት ነው የሚሉና የታኅሣሥ ነው የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ዕልባት አያገኝም፤ አንዱ ስለ ቀን፣ ሌላው ስለ ሌሊት ነው የሚያወራው። ሐምሌ ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል፣ ሌሊቱ ግን በደመና ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ያን ያህል አይወርድም። ታኅሣሥ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ራቁቱን ያድራል፤ ረባዳ ቦታዎች ላይ ውርጭ ይጥላል።

እንግዲህ ትልቁ ሙቀት ለምን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሆነ? ከመሬት ቀና ብሎ ፀሐይዋ የት እንዳለች ማየት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናቷ ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ 5 እና በነሐሴ 24 ገደማ። የሚያዝያዋ ፀሐይ እምብዛም ደመና አይሸፍናትም፤ ታቃጥላለች። የነሐሴዋ ያው ፀሐይ ናት፣ ግን ከደመና በላይ ቆማ ትውላለች።

በሁለቱ ቀናት መካከል የሚሆነው ደግሞ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ በእንጦጦ በኩል ትሆናለች፤ ጥላችን ወደ አቃቂ ያመለክታል። ሰኔ 14 ላይ ከአናት 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ቤቱን ሲያሠራ ሳሎኑን ወደ ደቡብ ያስከፈተ ሰው የታኅሣሥን ፀሐይ አግኝቷል፤ የክረምቷን ብልጭታ ግን የሚወስደው በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ማድ ቤት ነው።

መፈተን የሚሻ ሰው ሚያዝያ 5 ቀን ጠርሙስ ያቁም። ሰዓቱ ግን ስድስት ሰዓት አይደለም። የአገሪቱ ሰዓት የሚለካው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ ከሐረርም አልፎ ባለ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይዋ አዲስ አበባ አናት ላይ የምትደርሰው ስድስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ ጠርሙሱ ጥላ የለውም። የነሐሴውን ቀን መሞከርም ይቻላል፤ ለዚያ ግን መጀመሪያ ስልክ ደውሎ የማን ሰፈር ብራ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።